የቪኒል መቁረጫ ማሽኔ ቀለበት አይዘጋም፣ መሃል ላይም ይቆማል፤ በእርግጥ ቦርዱ ነው?

ዓባይ ማዶ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ከተማ አነስተኛ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለኝ፤ የምሠራውም በአብዛኛው የሱቅ መስታወት ጽሑፍ፣ የታክሲና የባጃጅ ጥቅስ እንዲሁም የቲሸርት ኅትመት ነው። የምጠቀምበት የቪኒል መቁረጫ ማሽን ቻይና ሠራሽ፣ ባለ እግር፣ እስከ 63 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚቆርጥ ነው። ጽሑፉን በኮረል ድሮው አዘጋጅቼ ከማሽኑ ጋር በመጣው ሶፍትዌር በኩል በዩኤስቢ ገመድ እልከዋለሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሦስት ዓይነት ችግር እያሳየኝ ነው። መጀመሪያ የታየው፣ ክብ ነገር ሲቆርጥ መነሻውና መድረሻው የማይገናኙ መሆናቸው ነው፤ በተለይ እንደ «ሌ»፣ «ቤ» እና «ዴ» ባሉት ፊደላት እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ስለማትዘጋ፣ ትርፉን ቪኒል ስለቅም አብራ ተነሥታ ትመጣለች፤ ሹል መሆን የሚገባቸው ማዕዘኖችም ክብ ክብ ይላሉ። ሌላው፣ ለመኪና ጎን የሚለጠፍ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ጽሑፍ ስቆርጥ መስመሩ እየተንሸራተተ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ ማሽኑ ሥራ መሃል ላይ በድንገት ይቆማል፣ አንዳንዴም ካሪጁ (ምላጩን ተሸክሞ ግራና ቀኝ የሚሄደው ክፍል) ከጽሑፉ ወጥቶ ቪኒሉን ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ ይሰነጥቀዋል።

ምላጩን በአዲስ ቀይሬአለሁ፣ ግፊቱንም ጨምሬአለሁ፣ ድራይቨሩንም አጥፍቼ እንደገና ጭኜአለሁ፤ ለውጥ የለም። ያየው ባለሙያ ዋናው ቦርድ (ማሽኑን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) መቀየር አለበት ብሎኛል፤ የጠየቀኝ ገንዘብ ግን ለዚህ ዕድሜ ማሽን የሚወጣ ዓይነት አይደለም። ቦርዱን ከማስቀየሬ በፊት በራሴ ልፈትሸው የምችለው ነገር ካለ ብትጠቁሙኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ጥገና ቤት

ሰላም ለእርስዎ። ሦስቱ ምልክቶች በአንድ ሰሞን ስለታዩ ብቻ መንሥኤአቸው አንድ ነው ብሎ መነሣት አይገባም። እኔ ከጽሑፍዎ እንደተረዳሁት የመጀመሪያው የምላጭ፣ ሁለተኛው የቪኒል አያያዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ የኤሌክትሪክ ወይም የገመድ ጉዳይ ይመስላል። ቦርድ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጨርሶ አይነሣም፣ አለዚያም አንደኛው ሞተር አይንቀሳቀስም ወይም ምላጩ ከወረደ በኋላ አልነሣም ይላል፤ ቀለበትን በጥቂቱ ሳይዘጉ መተው የቦርድ ጠባይ አይደለም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ምላጩን ከነመያዣው አውጥተው በቦታው እስክሪብቶ ያስገቡ። ብዙ ማሽኖች የእስክሪብቶ መያዣ አብሯቸው ይመጣል፤ ከሌለ ቀጭን እስክሪብቶ ላይ ቴፕ ጠቅልሎ እንዳይነቃነቅ ማጥበቅ ይበቃል። ከዚያ በቪኒል ፈንታ ወረቀት አስገብተው ጎኑ 100 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ፣ በውስጡ ክብ፣ ከጎኑም ያችን ያስቸገረችዎትን «ሌ» ያስሥሉት። ከመጀመርዎ በፊት በሶፍትዌሩ ውስጥ ኦፍሴት የሚለውን ቁጥር ወደ 0 መመለስ እንዳይረሱ፤ ያን ካላደረጉ እስክሪብቶው በየማዕዘኑ ትናንሽ መንጠቆ እየሠራ ያሳስትዎታል።

እስክሪብቶው የሣለው ክብ ከተዘጋና ካሬው በማስመሪያ ሲለካ ትክክል ከሆነ፣ ሞተሩም ቺንጋውም ቦርዱም ከዚህ ጉዳይ ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ ከምላጩ፣ ከመያዣው ወይም ከኦፍሴቱ አያልፍም። ክቡ በእስክሪብቶም ካልተዘጋ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ካሪጁን በእጅዎ ቀስ አድርገው ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሱት፤ ቺንጋው ከላላ ወይም በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጥርስ ማሰሪያው ከለቀቀ፣ አቅጣጫ በሚቀይሩበት ቅጽበት ቅንጣት ታህል ባዶ እንቅስቃሴ እጅዎ ላይ ይታወቃል።

ኦፍሴት የምንለውን ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ቁጥር ይመለከተዋል፤ ነገሩ ግን የማሽኑ አሠራር እምብርት ነው። የምላጩ ጫፍ በመያዣው መካከለኛ ዘንግ ላይ አይቀመጥም፤ ከዘንጉ ጥቂት ራቅ ብሎ ስለሚገኝ ካሪጁ በሄደበት ሁሉ ከኋላው እየተጎተተና እየዞረ ይከተላል። ይህ ርቀት በተለመደው ባለ 45 ዲግሪ ምላጭ በአብዛኛው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሶፍትዌሩም ማዕዘን ሲደርስ ጥቂት አልፎ በመዞር ልዩነቱን ያካክሳል። የተጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ካነሰ ማዕዘኑ ይዶለዱማል፣ ቀለበቱም ሳይገጥም ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ በየማዕዘኑ ትንሽ ቀንድ ይወጣል። እርስዎ የገዙት አዲስ ምላጭ ባለ 60 ዲግሪ ከሆነ፣ እርሱ ለወፍራም ነገር የተሠራ ስለሆነና ኦፍሴቱም ሊለይ ስለሚችል፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ኦፍሴቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ችግሩ ከቀጠለ መያዣውን ይፍቱት። በአብዛኞቹ ማሽኖች ምላጩ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ዘንግ ሲሆን በመያዣው ውስጥ ባሉ ደቃቅ ቦል ቤሪንጎች ይዞራል። እዚያ ውስጥ የቪኒል ሙጫና እንደ ፀጉር የቀጠነ ቁራጭ ሲጠራቀም ምላጩ በነፃነት መዞሩን ይተዋል፤ ቀጥታ መስመር በደንብ ይቆርጣል፣ ክብ ላይ ሲደርስ ግን ዘግይቶ ይዞራል። ምላጩን አውጥተው ውስጡን በአልኮል በተነከረ ቀጭን ነገር ይጥረጉ፣ ካደረቁት በኋላ መልሰው አስገብተው ጫፉን ሳይነኩ በጣትዎ ያሽከርክሩት። እየተቆራረጠ ወይም እየተንገዳገደ የሚዞር ከሆነ ቤሪንጉ አልቋል፤ የሚቀየረው መያዣው ነው፣ ዋጋውም ከቦርድ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ግፊት መጨመርዎን ግን አልወደድኩትም። ተራ የማስታወቂያ ቪኒል ውፍረቱ 0.08 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የሚፈለገውም ቪኒሉ ተቆርጦ የጀርባው ወረቀት ላይ ጭረት ብቻ እንዲቀር ነው። ለዚህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 120 ግራም ያለው ግፊት ይበቃል። ግፊት ሲበዛ ምላጩ ወረቀቱ ውስጥ ተቀርቅሮ መዞር ያቅተዋል፤ ማለትም የመጀመሪያውን ችግርዎን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም።

ባለ ሽቦው

ከላይ ያለው መልስ ስለ ምላጩ የሚቀር ነገር ስላልተወ እኔ ስለ መቆሙና ስለ ሰያፍ መስመሩ ብቻ እጽፋለሁ።

ኮምፒውተሩ ወደ ማሽኑ የሚልከው ሥዕል ሳይሆን የቁጥር ጽሑፍ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች ኤችፒጂኤል በሚባለው ቋንቋ ይግባባሉ፤ በዚያ ቋንቋ 1 ሚሊ ሜትር በ40 ይከፈላል፣ ስለዚህ 100 ሚሊ ሜትር ርቀት 4000 ተብሎ ይላካል። በገመዱ ላይ በሚያልፍ የኤሌክትሪክ ረብሻ ምክንያት ከዚያ ቁጥር አንድ ዜሮ ቢጠፋ ማሽኑ የሚያነበው 400 ነው፤ ካሪጁም ሳያመነታ ወደዚያ ይሄዳል፣ ምላጩ ወርዶ ስለነበርም እርስዎ ያዩትን ሰያፍ ስንጥቅ ይተዋል። ማሽኑ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ የተበላሸው ትእዛዙ ነው።

የመጀመሪያው ፍተሻ ያንኑ ፋይል ደጋግሞ መላክ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ፊደል፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚስት ከሆነ ጥፋቱ በፋይሉ ውስጥ ወይም በመገናኛው ቅንብር ላይ ነው፤ አንዴ መጀመሪያ ላይ፣ አንዴ መጨረሻ ላይ፣ አንዴም ጨርሶ ሳይስት የሚሠራ ከሆነ ረብሻ ነው። ቅንብሩን በተመለከተ በሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው የመላኪያ ፍጥነት ማሽኑ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በብዙዎቹ 9600 ነው። ፍሎው ኮንትሮል የሚለውም መዘጋት የለበትም፤ እርሱ ከተዘጋ ኮምፒውተሩ የማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ከሞላ በኋላም መላኩን ስለማያቆም የተላከው ተቆራርጦ ይቀራል።

ረብሻ መሆኑን ለመለየት ደግሞ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ብቻ እያሠሩ ይቁረጡ። ቻርጀሩ ተሰክቶ ሳለ የላፕቶፑን ብረት ወይም የማሽኑን አካል በእጅ ጀርባ ሲነኩት ነዘር ነዘር የሚያደርግ ከሆነ፣ የሶኬትዎ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) አይሠራም ወይም ጨርሶ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ባለ ሦስት ቀዳዳ ዲቫይደር መግዛትም ከግድግዳው በስተጀርባ የሌለውን ሽቦ አይፈጥርም። በዚህ ላይ በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ቪኒሉ ከጥቅሉ ሲላቀቅ የሚፈጥረው ስታቲክ (በመፋተግ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) አለ፤ መፍሰሻ ኧርዝ ካላገኘ በማሽኑ አካልና በዩኤስቢው በኩል ይፈነዳል፣ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ የማሽኑን ግንኙነት ያጣዋል፣ ሥራውም ይቆማል።

ገመዱን ከ2 ሜትር ባልበለጠ፣ ወፍራምና በሁለቱም ጫፍ ማግኔት መሰል ጥቁር ጉብታ ባለው ይቀይሩት፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦው ጋር አብረው አይጠቅልሉት። በዊንዶውስ የፓዎር ቅንብር ውስጥም ዩኤስቢን ለኃይል ቁጠባ የሚያጠፋውን ምርጫ ይዝጉ፣ ኮምፒውተሩም በሥራ መሃል እንዳይተኛ ያድርጉ። ማሽንዎ ፍላሽ የሚቀበል ከሆነ ሥራውን በፍላሽ አድርገው ያለ ኮምፒውተር ያስቆርጡት፤ በፍላሽ ሲሆን አንድም ጊዜ ካልሳተ የቦርዱ ጉዳይ ከሞላ ጎደል እዚያው ላይ ያበቃል።

ስለ ኧርዝ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ ልጨምር። አንዳንድ ሰው ለማቅለል ሲል በሶኬቱ ውስጥ የኧርዙን ቀዳዳ ከኒውትራሉ (ከኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) ጋር ያያይዘዋል። የኒውትራሉ ሽቦ አንድ ቀን በአጋጣሚ ቢቋረጥ የማሽኑ የብረት አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። ኧርዝ የሚሠራው መሬት ውስጥ በተቀበረ ብረት፣ በፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን ነው።

ትንሿ ማሽን

ጥያቄዬ ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ በሌላ ቦታ ከመክፈት እዚሁ ልጠይቅ። እኅቴ ከሜሪላንድ የላከችልኝ ለቤት የሚሆን ትንሽ የወረቀትና የቪኒል መቁረጫ አለኝ፤ የሠርግ መጥሪያ ካርድ እሠራበታለሁ። ወፍራም ካርቶን ሲቆርጥ መብራቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋና እንደገና ይነሣል። አሜሪካ 120 ቮልት፣ እዚህ 220 ቮልት መሆኑ ይሆን?

ባለ ሽቦው

በአዳፕተሩ ጀርባ ላይ ኢንፑት ከሚለው ቀጥሎ 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ የቮልቴጅ ልዩነቱ ችግር አይደለም፤ የሶኬቱን ቅርጽ የሚቀይር መሰኪያ ብቻ ይበቃዎታል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ቢሆን ኖሮ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠል ነበር። ወፍራም ነገር ሲቆርጥ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ሞተሩ በሚጨነቅበት ጊዜ አዳፕተሩ በቂ አምፔር እየሰጠ አይደለም፤ ወይ ደክሟል፣ ወይ የራሱ ሳይሆን ከሌላ ዕቃ የተዋሰ ነው። ሲተኩት ቮልቱ ያው፣ የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቅጣጫ ያው፣ አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት።

ዓባይ ማዶ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባለው ኦፍሴቱን 0 አድርጌ በእስክሪብቶ አሣልኩት፤ ክቡም የ«ሌ» ቀለበትም ያለ አንዳች ክፍተት ገጥመዋል፣ ካሬውም በማስመሪያ ልክ ነው። መያዣውን ስፈታው በውስጡ ጥቁር ሙጫ ከቀይ ቪኒል ክር ጋር ተጠቅልሎ አገኘሁ፤ ምላጩ በጣት ሲገፋ እንኳ ግማሽ ዙር ዞሮ ይቆም ነበር። አጽድቼ ከመለስኩት በኋላ ማዕዘኖቹ ሹል ሆነዋል።

ላፕቶፑን በባትሪ ሳሠራው አልቆመም፤ ቻርጀሩን ስሰካ ግን ያው ችግር ተመለሰ፣ የሚስትበትም ቦታ በየጊዜው ይለያያል። የማሽኑ አካል ይነዝራል ስል የሥራ ባልደረባዬ «እሱማ ድሮም ነው» አለኝ። ኤሌክትሪሺያን ጠርቻለሁ፤ እስኪመጣ ድረስ በባትሪ እየሠራሁ ነው።

የቀረኝ ረጅም ሥራ ላይ መንሸራተቱ ነው። በተጨማሪም ከጽዳቱ በኋላ አንድ አዲስ ነገር አስተውያለሁ፤ በአንዳንድ ቦታ ምላጩ ቪኒሉን ሳይቆርጥ ያልፋል፣ በሌላው ቦታ ግን በትክክል ይቆርጣል።

ቀጭኗ መስመር

እኔ ረጅም የመኪና ጽሑፍ ዘወትር ስለምሠራ ስለ መንሸራተቱ የማውቀውን ላካፍልዎ። ቪኒሉን የሚያንቀሳቅሱት ከሥር ያሉት ሻካራ ብረቶች ናቸው፤ ከላይ የሚጫኑት ትናንሽ ጎማዎች ሙሉ በሙሉ በእነዚያ ሻካራ ቦታዎች ላይ ካላረፉ አንደኛው ጎን ይይዛል፣ ሌላኛው ይንሸራተታል። አብዛኛው ሰው ግራና ቀኝ ያሉትን ጎማዎች የቪኒሉን ጠርዝ እያየ ያስቀምጣቸዋል እንጂ ሻካራውን ብረት አያይም። ብረቱ ላይ ያለው ጥርስም በሙጫና በአቧራ ሲሞላ እንደ ለስላሳ ብረት ስለሚሆን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይፈግፍጉት፤ ጎማዎቹ አንጸባርቀው እንደሆነም በአልኮል ይጥረጓቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ማሽኑ ከባዱን ጥቅል ራሱ እንዲጎትት አይተዉት። ለ2 ሜትር ሥራ ከ2 ሜትር በላይ አስቀድመው ከጥቅሉ ፈትተው፣ ከማሽኑ በስተኋላ ልል አድርገው ይተዉለት። የቪኒሉ ጠርዝ በማሽኑ ላይ ካለው መስመር ጋር ትይዩ መሆኑን አይተው፣ መቁረጥ ሳይጀምሩ በማሽኑ ቁልፍ ሙሉውን ርዝመት ወደ ፊት አውጥተው ወደ ኋላ ይመልሱት። በዚህ ምልልስ ጊዜ ጠርዙ ከመስመሩ ከወጣ አሁኑኑ ያስተካክሉታል፤ ጎማዎቹም በቪኒሉ ላይ የራሳቸውን ዱካ ስለሚተዉ በሚቆርጡበት ጊዜ በዚያው ዱካ ይሄዳሉ። ይህን ሳያደርጉ ፍጥነት ቢቀንሱ እንኳ መንሸራተቱ ዘግይቶ ይመጣል እንጂ አይቀርም። እንዲያም ሆኖ ረጅሙን ጽሑፍ በቃላት መካከል ከፋፍሎ መቁረጡ ይሻላል እላለሁ፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ሙሉውን ቪኒል አይጥሉም።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ የሁልጊዜ ጭንቀቴ ስለሆነ ነው። የአማርኛ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ብዙ ቀጭን እግርና ትናንሽ ቀለበት ስላለው በተለይ ጽሑፉ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ቁመት ሲኖረው የማሽኑን ጉድለት ሁሉ ያጋልጣል። ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ወፍራምና እኩል ውፍረት ያለው ፊደል ይምረጡ፣ ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ጽሑፉን ወደ ከርቭ ከቀየሩ በኋላም የተደራረቡትን መስመሮች ዌልድ ያድርጓቸው (ወደ አንድ ቅርጽ ያዋሕዷቸው)። ዌልድ ካልተደረገ የፊደሉ እግር ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ምላጩ በውስጡ ያልፋል፤ ይህን ደግሞ ብዙዎች የማሽን ብልሽት ይሉታል።

ጥገና ቤት

በአንዳንድ ቦታ ቆርጦ በሌላው የሚያልፈውን በተመለከተ፣ ምላጩ ከሚሄድበት ቦታ በታች በማሽኑ ስፋት ሙሉ የተለጠፈ ነጭ ወይም ጥቁር ጠባብ ስትሪፕ አለ። መብራት አጥፍተው የስልክዎን ብርሃን ከጎን እያበሩ፣ ጥፍርዎንም በላዩ ላይ እየጎተቱ ይመልከቱት። ግፊቱን ጨምረው በሠሩበት ሰሞን ምላጩ ወረቀቱን በስቶ ስትሪፑን ቆርጦት ከሆነ ጥፍርዎ የሚደናቀፍበት ቦይ ያገኛሉ። ቪኒሉ በዚያ ቦይ ላይ ሲያልፍ ወደ ታች ስለሚሰምጥ ምላጩ አይደርስበትም፤ ቦይ የሌለበት ቦታ ግን በትክክል ይቆረጣል፤ እርስዎም ያዩት ይህንኑ ይመስለኛል።

ስትሪፑ ከሥሩ በሙጫ የተያዘ ስለሆነ ጫፉን በምላጭ አንሥተው ቀስ ብለው ይላጡት፣ ቦታውን በአልኮል ያጽዱ፣ ስፋቱን ለክተው ያንኑ ስፋት ያለው ይግዙ። ሲለጥፉት ሳይጎትቱ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እያስተካከሉ ይሁን፤ የተጎተተ ስትሪፕ ቆይቶ ይኮማተራል። አዲሱ እስኪገኝ ድረስ ቦዩ በሌለበት በኩል ጠባብ ሥራዎችን መቁረጥ ይችላሉ። አዲሱን ከለጠፉ በኋላ ግፊቱን ከ80 ግራም ጀምረው፣ በትንሽ ሦስት ማዕዘን እየሞከሩ፣ ቪኒሉ ተላቆ የጀርባው ወረቀት ሳይበሳ እስኪቀር ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ያድርጉት።

ለባለሙያው የሚጠይቁት ነገር ካስፈለገ፣ ቦርዱ ተበላሽቷል ያለበትን የመለኪያ ውጤት እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፦ ከፓዎር ሰፕላዩ የሚወጣው ቮልት በላዩ ላይ ከተጻፈው ጋር ስንት ይለያያል፣ በሥራ ላይ እያለስ ይወርዳል ወይ፣ ያበጠ ካፓሲተር አለ ወይ? ፓዎር ሰፕላይ ከቦርድ ተለይቶ የሚቀየር ዕቃ ነው።

ዓባይ ማዶ (ጠያቂ)

ስትሪፑ እንዳሉት ነው፤ በግራ በኩል፣ ሁልጊዜ ሥራ በምጀምርበት አካባቢ፣ ሁለት ቦይ አለው። ስፋቱን ለክቼ አዲስ አበባ ላለ ዕቃ አቅራቢ አዝዣለሁ፤ እስከዚያው በቀኝ በኩል እየሠራሁ ነው። ለባለሙያው ቦርዱን እንደማላስቀይር ነግሬዋለሁ።